የአንጀት ባክቴሪያ፣ የድድ በሽታና የአጥንት መሳሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድድ ነገር ሲነሳ ሰው ድሮ የሚጠይቀው ስለ ጥርስ ሳሙና ወይም ስለ ቫይታሚን ሲ ነበር። አሁን አሁን ስለ አንጀት የሚጠይቀው በዝቷል። «ድድህ የሚደማው አንጀትህ ስለተበላሸ ነው» የሚል ቪዲዮ በየስልኩ ይዞራል፤ ከቪዲዮው ሥር ደግሞ የሚሸጥ እንክብል አይጠፋም። ነገሩ እንዲያው ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም፤ ከ10 ዓመት በላይ የተለፋበት ጥናት አለ። ግን ጥናቱ የሚለውና እንክብል ሻጩ የሚለው ለየቅል ነው።

አንጀት ከታች፣ ድድ ከላይ፤ ምን አገናኛቸው?

ሲጀመር ሁለቱም የአንድ ቱቦ ክፍሎች ናቸው። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ 1 ሊትር ተኩል የሚሆን ምራቅ ያመነጫል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይውጠዋል። ምራቁ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ አለ። አብዛኛው ጨጓራ ውስጥ ካለው አሲድ አይተርፍም፤ የተረፈው ወደ አንጀት ይወርዳል።

ሁለተኛው መንገድ ደም ነው። የሚደማ ድድ ቁስል ነው፤ ጥርስ በቦረሽን ወይም ባኘክን ቁጥር ከዚያ ቁስል ጥቂት ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል። ሦስተኛው መንገድ ተመራማሪዎችን ከሁሉም በላይ የሳበው ነው፦ የሰውነት መከላከያ ሴሎች። ከእነዚህ ሴሎች ትልቁ ክፍል የሚኖረው በአንጀት ግድግዳ ዙሪያ ነው። እዚያ ከባክቴሪያ ጋር የተላመዱ ወይም የተጣሉ ሴሎች በደም ተሳፍረው ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ድድ ይደርሳሉ፤ የአጥንት መቅኔም ይገባሉ። ከዚህ በታች የሚነሳው አብዛኛው ነገር የዚህ የሦስተኛው መንገድ ጉዳይ ነው።

የድድ በሽታ ሲባል የትኛው ነው? ድዴ አልፎ አልፎ ቢደማ በሽታ ነው?

ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ድዱ ብቻ ሲቆጣ ነው፦ ያብጣል፣ ሲቦርሹት ይደማል፣ አያምም። ቆሻሻው በደንብ ከተጠረገ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ሁለተኛው ቁጣው ወደ ውስጥ ዘልቆ ጥርሱን የያዘውን አጥንት መብላት ሲጀምር ነው። ይሄኛው ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ማቆም ግን ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከባዱ የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ናቸው።

ልዩነቱን ሐኪሙ የሚያውቀው ሚሊ ሜትር በተሰመረባት ቀጭን መለኪያ ነው። ጫፏን በጥርስና በድድ መካከል ቀስ አድርጎ ያስገባና ቁጥር ይናገራል፤ ረዳቱ ይጽፋል። 1፣ 2፣ 3 ከሆነ ደህና ነው። 4 ሲባል ጥያቄ ይነሳል። 6 እና 7 ከተሰማ ከሥር የነበረው አጥንት ሸሽቷል ማለት ነው። ወንበሩ ላይ የተኛው ሰው ቁጥሩ ምን እንደሆነ ባያውቅም ትልቅ ቁጥር ሲጠራ ግንባሩን ይቋጥራል። በእርግጥ መቋጠር ያለበት ነገር ነው።

አጥንቱን የሚበላው ባክቴሪያው ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። አጥንቱን የሚያፈርሱት የራሳችን ሴሎች ናቸው።

አጥንት ስናየው ድንጋይ ይመስላል እንጂ በየቀኑ የሚፈርስና የሚሠራ ነገር ነው። ኦስቲዮክላስት የሚባሉት ሴሎች አሮጌውን ያፈርሳሉ፣ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት አዲሱን ይሠራሉ። በጤናማ ጊዜ ሒሳቡ እኩል ነው። ድድ ሥር ባክቴሪያ ተከማችቶ ሲከርም መከላከያ ሴሎቻችን ወደዚያ ይጎርፋሉ፤ በተለይ ቲ-ኤች-17 የተባሉት። እነሱ የሚረጩት ኬሚካል ባክቴሪያውን ለመዋጋት የታሰበ ነው፤ ግን ራንክል የተባለውን ፕሮቲን ያበዛዋል። ራንክል ደግሞ ለአፍራሾቹ ሴሎች «ተነሱ» የሚል ትእዛዝ ነው። አፍራሹ በዛ፣ ገንቢው አልደረሰም፤ የመንጋጋ አጥንት ወደ ታች ይሸሻል፣ ጥርሱ መነቃነቅ ይጀምራል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ በ2011 የታተመ የአይጥ ጥናት ነው። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለው፣ በድድ በሽታ ዋና ተጠርጣሪ የሆነው ባክቴሪያ፣ በተለመደው አይጥ አፍ ውስጥ በትንሽ ቁጥር ሲገባ አጥንት ጠፋ። ከተወለዱ ጀምሮ ምንም ባክቴሪያ ሳይነካቸው ባደጉ አይጦች አፍ ውስጥ ያው ባክቴሪያ ብቻውን ሲገባ ግን አጥንቱ ምንም አልሆነ። ብቻውን አቅም የለውም፤ ነባሮቹን ባክቴሪያዎች አጣልቶ፣ የሰውነትን መከላከያ አደናግሮ ነው ጉዳት የሚያደርሰው።

እሺ፣ የአንጀት ባክቴሪያስ ከአጥንት ጋር ምን አገናኘው?

በ2012 በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከላይ ያልናቸውን ባክቴሪያ የማያውቁ አይጦች አጥንት ለኩ። ከተለመዱት አይጦች የበለጠ ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ አፍራሽ ሴሎቻቸውም ያነሱ ነበሩ። የሌላ አይጥ የአንጀት ባክቴሪያ ሲሰጣቸው አጥንታቸው እንደ ሌሎቹ ሆነ። የአንጀት ባክቴሪያ የሩቅ አጥንትን ሒሳብ እንደሚነካ በግልጽ ከታየባቸው የመጀመሪያ ጥናቶች አንዱ ይህ ነው።

በ2016 ደግሞ በአሜሪካ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ኤስትሮጅን የተባለው የሴት አይጦች ሆርሞን እንዲቀንስ አደረገ፤ ሴት ልጅ ስታርጥ እንደሚሆነው ማለት ነው። የተለመዱት አይጦች አጥንታቸው ሳሳ። ባክቴሪያ የሌላቸው ግን አልሳሳባቸውም። ምክንያቱ ሲፈተሽ፣ ኤስትሮጅን ሲቀንስ የአንጀት ግድግዳ ይላላል፤ የባክቴሪያ ርዝራዥ በላላው ግድግዳ ሾልኮ መከላከያ ሴሎችን ያስቆጣል፤ የተቆጡት ሴሎች ደግሞ አጥንት አፍራሾቹን ይቀሰቅሳሉ። ድድ ሥር ካየነው ጋር ሰንሰለቱ ተመሳሳይ ነው። መነሻው ብቻ ነው የተለየው።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው የአንጀት ባክቴሪያን መግደል ነው» የሚል ካለ ይቆይ። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ይጠቅሙናል። ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ስንበላ እኛ መፍጨት የማንችለውን አሰር አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አብላልተው ቡታይሬትና ፕሮፒዮኔት የሚባሉ አጫጭር የስብ አሲዶች ያደርጉታል። በጀርመን ኤርላንገን በ2018 በታተመ ጥናት እነዚህ አሲዶች የተሰጧቸው አይጦች አፍራሽ ሴሎቻቸው ቀንሰው አጥንታቸው ጨምሯል። ስለዚህ ጉዳዩ ባክቴሪያ መኖርና አለመኖሩ ሳይሆን የትኞቹ እንዳሉና ምን እየበሉ እንደሆነ ነው።

ከአፍ የምውጠው ባክቴሪያ አንጀቴን ያበላሻል?

በአይጥ ላይ አዎ። በጃፓን የኒጋታ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ባወጣው ጥናት ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ እንዲውጡ የተደረጉ አይጦች የአንጀታቸው ባክቴሪያ ስብጥር ተቀየረ፤ ደማቸው ውስጥም የባክቴሪያ መርዝ ጨመረ። የሚነሳበት ትችት ለአይጦቹ የተሰጠው መጠን ሰው በምራቁ ከሚውጠው እጅግ የበዛ መሆኑ ነው። ትችቱ ተገቢ ነው።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የ2020 ጥናት ከዚያ የተሻለ ይመስለኛል። አይጦቹ ጥርስ ላይ ክር ታስሮ ድዳቸው እንዲቆጣ ተደረገ። ከዚያ ሁለት ነገር ታየ፦ ከታመመው አፍ የወረዱ ባክቴሪያዎች አንጀት ውስጥ ሰፈሩ፤ እዚያው አፍ አካባቢ የተቆጡት ቲ-ኤች-17 ሴሎችም ተከትለው ወረዱ። አንጀት ውስጥ የቀድሞ ጠላታቸውን አገኙና ውጊያው እንደገና ተጀመረ። ልብ ይበሉ፣ ቀድሞ የታመመ አንጀት ባሰበት እንጂ ድድ ብቻውን ጤነኛውን አንጀት አላቆሰለም።

ተቃራኒውስ? አንጀቴ ታሞ ድዴን ሊጎዳ ይችላል?

አይጦች አንጀታቸው በኬሚካል እንዲቆስል ሲደረግ፣ አፋቸውን ማንም ሳይነካው የመንጋጋ አጥንታቸው መሳሳቱ ተመዝግቧል። በሰው ደግሞ ሥር የሰደደ የአንጀት ቁጣ፣ ማለትም የክሮንስ በሽታ ወይም የትልቁ አንጀት ቁስለት ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ይበልጥ የድድ በሽታ ይገኝባቸዋል፤ የወገብና የዳሌ አጥንታቸውም ይበልጥ ይሳሳል። ለዚህ ግን አንዱ ምክንያት የሚወስዱት ስቴሮይድ የተባለው ቁጣ ማብረጃ መድኃኒት ነው፤ ሁሉንም በባክቴሪያ ማሳበብ አይቻልም።

ሆድዎ አልፎ አልፎ ይነፋል ማለት ግን ይህ በሽታ አለብዎት ማለት አይደለም። ሽሮ በልቶ ሆዱ ያልተነፋ ማን አለ?

ይሄ ሁሉ የአይጥ ጥናት ነው። ሰው ላይ የተረጋገጠ ነገር አለ?

ያለውና የሌለው ተለይቶ መነገር አለበት። የድድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያ ስብጥር ከጤነኞቹ የተለየ መሆኑን ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ግን የትኛው የትኛውን አመጣ? ሲጋራ፣ ስኳር በሽታ፣ አመጋገብና ዕድሜ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይነካሉ።

ከሁሉም የሚያስተምረው የስዊድን ታሪክ ነው። በ2018 አጥንታቸው የሳሳ፣ ዕድሜያቸው ከ75 እስከ 80 የሆኑ 90 ሴቶች ተመርጠው ግማሾቹ ላክቶባሲለስ ሩተሪ የተባለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ዱቄት ለአንድ ዓመት ወሰዱ። ባክቴሪያውን የወሰዱት የቅልጥም አጥንታቸው መሳሳት በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ከዚያ በ2024 ያው ባክቴሪያ በቅርብ ባረጡ 239 ሴቶች ላይ ለሁለት ዓመት ተሞከረ። ምንም ልዩነት አልመጣም። የመጀመሪያውን ዜና ያጋራ ሰው ብዙ ነው፤ የሁለተኛውን ያጋራ ግን ብዙም አላየሁም።

በሰው ላይ ጠንከር ያለ ማስረጃ ያለው ከስኳር በሽታ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። በ2022 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ የድድ ሕክምና ያገኙ የስኳር ሕሙማን የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው፣ ማለትም ኤችቢኤዋንሲ፣ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ በአማካይ 0.43 ነጥብ እንደቀነሰ አሳይቷል። አፍ ታክሞ ሌላው አካል ይሻለዋል ለሚለው ከዚህ የተሻለ ምስክር ብዙ የለም።

ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል ከጀመርኩ ቆየሁ። ከዚህ ጋር ይያያዛል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ይህን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለዓመታት የሚውጥ ስንቱ ነው! የጨጓራ አሲድ ከአፍ የሚወርደውን ባክቴሪያ የሚያጣራ በር ነው። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ አሲዱን ስለሚቀንሱ በሩን ገርበብ አድርገው ይከፍቱታል። በ2016 በኔዘርላንድስና በእንግሊዝ የተሠሩ ትልልቅ ጥናቶች መድኃኒቱን በሚወስዱ ሰዎች አንጀት ውስጥ መኖሪያቸው አፍ የሆኑ ባክቴሪያዎች በዝተው አግኝተዋል። ከዚህ በተለየ ጉዳይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2010 መድኃኒቱን በከፍተኛ መጠን ወይም ከአንድ ዓመት በላይ የሚወስዱ ሰዎች የአጥንት ስብራት አደጋቸው ሊጨምር እንደሚችል አስጠንቅቋል።

ይህን አንብበው መድኃኒቱን ዛሬ አይጣሉት። የሚደማ ቁስለት ያለበት ወይም በየቀኑ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ሊያስፈልገው ይችላል። ያዘዘልዎትን ሐኪም «እስከ መቼ ነው የምወስደው?» ብለው ይጠይቁ። ያዘዘልዎት ሐኪም ከሌለ፣ ማለትም ከፋርማሲ በራስዎ ከገዙት፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው።

ኤች ፓይሎሪ አለብህ ተብያለሁ። «የአንጀት ባክቴሪያ» የሚባለው እሱ ነው?

አይደለም። ኤች ፓይሎሪ ጨጓራ ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ ነው፤ ከቁስለት ጋር ያለውን ግንኙነት ያገኙት ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ማርሻልና ዋረን፣ በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። እዚህ የምናወራው ትልቁ አንጀት ውስጥ ስለሚኖሩት በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች ነው። አንድ የሚያገናኛቸው ነገር ለኤች ፓይሎሪ የሚታዘዙት ሁለት ወይም ሦስት አንቲባዮቲኮች እነዚህንም ለጊዜው ማናጋታቸው ነው። የታዘዘልዎትን ግን ሳያቋርጡ ይጨርሱ፤ በግማሽ መተው ይብሳል።

እንጀራ የኮመጠጠ ስለሆነ ፕሮባዮቲክ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ፕሮባዮቲክ የሚባለው በሕይወት ያለ ጠቃሚ ባክቴሪያ ነው። ሊጡ አዎ፣ እንጀራው አይደለም። እርሾው ውስጥ ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎችና እርሾ ፈንገሶች በሕይወት አሉ፤ ሊጡ ኩፍ የሚለውም፣ ምጣድ ላይ ዓይኑ የሚበጀውም በእነሱ ሥራ ነው። ግን አክንባሎው ተከድኖ እንፋሎቱ ሲያበስለው አይተርፉም። ቆጮም ተጋግሮ ነው የሚበላው። አይብም አሬራው ተሞቆ ስለሚወጣ ከባክቴሪያው ብዙው ይሞታል።

በሕይወት ያለ ባክቴሪያ የሚገኘው እርጎ ውስጥ ነው። ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ግን ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ሊያመጣ ይችላል። ወተቱን አፍልተው፣ ለብ ሲል ከቀድሞው እርጎ ማንኪያ ጨምረው ቢያስቀምጡት ሁለቱም ይሟላል፦ ደህንነቱም ባክቴሪያውም።

የእንጀራው ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ አሰር አለው። አጠገቡ ምስር ወጥ፣ ጎመንና ሽሮ ካለ አንጀት ውስጥ ላሉት ነባር ባክቴሪያዎች የሚሆን ምግብ ማለት ነው። በዚህ በኩል የጾም ማዕድ ከፍስኩ ይሻላል፤ ጾሙ በፓስታና በነጭ ዳቦ ካላለፈ። በጀርመን በ2016 በ15 ሰዎች ላይ የተደረገ ትንሽ ሙከራ አለ፦ ለአራት ሳምንት ስኳርና የተፈተገ እህል ቀንሰው፣ አሰርና ኦሜጋ 3 ጨምረው የተመገቡት ሰዎች ጥርሳቸው ላይ ያለው ቆሻሻ ሳይቀንስ የድዳቸው መድማት በግማሽ ያህል ቀነሰ። ትንሽ ሙከራ ነው፤ ግን ማንንም የሚጎዳ ምክር አይወጣውም።

ጥርስዎ የሚነቃነቅ ከሆነ ቆሎውን ለጊዜው ይተዉት። በሶ ይሻልዎታል።

እህቴ ከአሜሪካ የፕሮባዮቲክ እንክብል ልካልኛለች። ድዴን ያድንልኛል?

ከተላከ ይዋጥ፤ ጤነኛ ሰውን ብዙም አይጎዳም። ገንዘብ አውጥተው ለድድ ብለው ግን አይግዙ። የአውሮፓ የድድ ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ2020 ባወጣው መመሪያ ከድድ እጥበት ጋር ፕሮባዮቲክ መስጠትን አይመክርም። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ወይም የሰውነቱ መከላከያ የተዳከመ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ምንም ዓይነት ፕሮባዮቲክ መውሰድ የለበትም።

አሞክሳሲሊንና ፍላጅል ስወስድ ድዴ ይሻለዋል። በየጊዜው ብወስድስ?

ይሻለዋል፤ ከዚያ ይመለሳል። ባክቴሪያዎቹ ጥርስ ላይ በሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ውስጥ ተደራርበው ነው የሚኖሩት፤ ሽፋኑ ሲከርም ድንጋይ ይሆናል። አንቲባዮቲክ በደም መጥቶ ዳር ያሉትን ይገድላል፣ ሽፋኑንና ድንጋዩን አያነሳም። እጥበት የሌለበት መድኃኒት ስለዚህ ጊዜ መግዣ ነው።

የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ አንጀት ውስጥ ነው። ፍላጅል የሚገድለው ኦክስጅን የማይወዱ ባክቴሪያዎችን ነው፤ ከአንጀት ነዋሪዎች አብዛኞቹ ደግሞ እንደዚያ ያሉት ናቸው፣ ቡታይሬት የሚያመርቱልን ጭምር። አንድ ዙር ሲወሰድ ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳሉ፤ በየሁለት ወሩ የሚወስድ ሰው አንጀት ግን የማገገሚያ ጊዜ አያገኝም። ዋናው አደጋ መላመዱ ነው፦ መድኃኒቱ በእውነት ባስፈለገ ቀን አይሠራም። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ ወይም በሽታው ከባድና ፈጣን ከሆነ ሐኪም ያዝዛል። ከዚያ ውጭ ከፋርማሲ «ስጠኝ» ተብሎ የሚወሰድ ነገር አይደለም።

ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል ይላሉ።

ይህን ያልሰማ ሰው የለም፤ ከአንጀት ባክቴሪያ ሁሉ በላይ የኢትዮጵያውያንን ጥርስ ያስነቀለ ወሬ ይመስለኛል። አጥንቱ ቀድሞ ከሸሸ ጥርሶቹን አያይዞ ያቆማቸው ድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ሲነሳ የነበረው መነቃነቅ ይታወቃል፣ ድዱ እብጠቱ ስለሚጠፋ ጥርሱ ረዝሞ ይታያል፣ ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ነገር ይጠዘጥዛል። ከሳምንታት በኋላ ቁጣው ሲበርድ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ይጠብቃል። አጥንት ያጣ ሰው በየ3 ወይም በየ6 ወሩ መመለስ አለበት፤ አንዴ ታጥቦ የሚረሳ ነገር አይደለም።

ድዴ የተነቀሰ ነው። መቅላቱን በምን አውቃለሁ?

በተለይ በሰሜኑ ክፍል ያደጉ እናቶቻችንና እህቶቻችን ለውበት ድዳቸውን በጥላሸት ተነቅሰዋል። ሳይነቀስም ድዱ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ሰው ብዙ ነው። መጻሕፍቱ «ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፣ የታመመ ቀይ ነው» ሲሉ የጻፉት ሌላ ድድ አይተው ነው። እርስዎ ቀለሙን ይተዉትና ሌላውን ይመልከቱ፦ ሲቦርሹ የሚተፉት ምራቅ ደም አለበት? በሁለት ጥርስ መካከል ያለችው የድድ ጫፍ ሹል መሆኗ ቀርቶ ደንብላለች? ትራስዎ ላይ ጠዋት የደም ምልክት አለ? ጥርስዎ ከበፊቱ ረዝሟል ወይም ክፍተት አብጅቷል? ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ መድማትንም እንዳያምን። ሲጋራ የድድን የደም ሥር ስለሚያጠብ በሽታው እያለ ላይደማ ይችላል።

መፋቂያ ይበቃል?

የወይራ መፋቂያ በትክክል ከተጠቀሙበት የጥርስን ፊት በደንብ ያጸዳል። የሚሳነው የውስጥ ጎኑና በጥርስ መካከል ያለው ነው፤ የድድ በሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። ጠዋት መንገድ ላይ ይፋቁ፣ ማታ ከመተኛትዎ በፊት በቡርሽና በክር ይድገሙት።

ጫትስ?

ጫት ብቻውን ድድን ምን ያህል እንደሚጎዳ ጥናቶቹ አይስማሙም። አብሮት የሚመጣው ግን ግልጽ ነው፦ ሲጋራ፣ ለስላሳ፣ ለሰዓታት የደረቀ አፍ፣ ሳይቦረሽ የሚያልፍ ሌሊት።

አርጫለሁ፤ አጥንቴም ሳስቷል ተብያለሁ። ለጥርስ ሐኪሜ መንገር አለብኝ?

አዎ፣ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ። እንደ አሌንድሮኔት ያሉ የአጥንት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ጥርስ ሲነቀል፣ አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንቱ ሳይድን ሊቀር ይችላል። ይህ የሚገጥመው ለጥቂት ሰው ነው፤ በመርፌ በከፍተኛ መጠን በሚወስዱ የካንሰር ታማሚዎች ይበዛል። መፍትሔው መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆም ሳይሆን ከመጀመር በፊት አፍን ማስመርመር፣ መነቀል ያለበትንም ቀድሞ መንቀል ነው።

የጠፋው አጥንት ይመለሳል?

በአብዛኛው አይመለስም። ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ በቀዶ ሕክምናና በአጥንት መሙያ የተወሰነውን መመለስ ይቻላል፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ለሁሉም ዓይነት ጉድጓድም አይሆንም። የቀረውን ይዞ ለ20 እና ለ30 ዓመት መኖር ግን ይቻላል፤ ያለማጋነን።

የአንጀት ባክቴሪያዬን በሰገራ አስመርምሬ ድዴን ማወቅ እችላለሁ?

አይችሉም። በውጭ አገር በኢንተርኔት የሚሸጡ፣ ሰገራ በፖስታ ተልኮላቸው የባክቴሪያ ዝርዝር የሚመልሱ ድርጅቶች አሉ። ዝርዝሩ ያምራል፣ ቀለም አለው። ግን በእሱ ላይ ተመሥርቶ የድድ ሕክምና የሚቀይር ሐኪም የለም። የድድዎን ሁኔታ የሚነግሩዎት ያቺ ሚሊ ሜትር የተሰመረባት ቀጭን መለኪያና አንድ ራጅ ናቸው። የጥርስ ሐኪም ጋር ሲሄዱ በመለኪያዋ ዙሪያውን ካልለካልዎት «ድዴን አይለኩልኝም?» ብለው ይጠይቁ። ቁጥሮቹንም ጽፎ እንዲሰጥዎት ይንገሩት፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚያነጻጽሩት ከእነሱ ጋር ነው።